ዓሣው ከመግባቱ በፊት ቡፌው ይታይ

ዓሣ የሚሸጥ ቤት ገብታችሁ ታውቁ ከሆነ የሚጠየቀውን ጥያቄ ታውቁታላችሁ። ቀዩ ስንት ነው? ይሄ ረጅም ጭራ ያለው ከዚያኛው ጋር ይጣላል ወይ? ምግቡስ በቀን ስንት ጊዜ ነው? ማጣሪያው ብዙ መብራት ይበላል? ሁሉም ደህና ጥያቄ ነው። «ይህን ነገር የማስቀምጠው ምን ላይ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ግን እምብዛም አይገኝም። ሻጩም አይጠይቅም። መስታወቱ የሚታየው ባዶውን ነው፤ አንድ ጎልማሳ አቅፎት ታክሲ ውስጥ ይገባል፤ ቤት ሲደርስ ቡፌው ላይ ቁጭ ይላል። ከዚያ ውሃ ይሞላል።

የውሃ ሂሳብ ቀላል ነው፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 36 የሆነ አኳሪየም ብዙ ሰው «ትንሹ» የሚለው ዓይነት ነው። ሦስቱን ቁጥሮች አባዝታችሁ ለ1000 ስታካፍሉ 65 ሊትር ገደማ ታገኛላችሁ። እስከ አፉ ባይሞላም መስታወቱ ራሱ 12 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ ከሥር የሚነጠፈው ጠጠር 10 ኪሎ ይጨምራል፤ ድንጋዩ፣ ክዳኑ፣ ማጣሪያው ሲደመር 80 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ስፋቱ 40፣ ቁመቱ 50 የሆነውማ ተሞልቶ ሲያልቅ 250 ኪሎ አካባቢ ነው።

እኛ በኪሎ ሳይሆን በኩንታል ስናስብ ነገሩ ቶሎ ይገባናል። ትንሹ አንድ ኩንታል ሊሆን ጥቂት የቀረው፣ ትልቁ ሁለት ኩንታል ተኩል መሆኑ ነው። ሳሎናችሁ ያለው ቡፌ ላይ ሁለት ኩንታል ተኩል ጤፍ ቆልላችሁ ለአምስት ዓመት ታስቀምጣላችሁ? ጤፉ እንኳ ይሻላል፤ እየተበላ ይቀንሳል። ሰውም ጠረጴዛ ላይ ቢወጣ መልሶ ይወርዳል። አኳሪየም ግን አንዴ ከተሞላ ሌሊትም በዓልም አይነሳም። እንጨት ደግሞ ለዛሬ ሸክም ሳይሆን ለቆየ ሸክም ነው እጁን የሚሰጠው። በመጀመሪያው ወር ምንም አይታይበትም፤ በሁለተኛው ዓመት ግን መሀሉ ጎብጦ ታገኙታላችሁ።

ይህን የምጽፈው ከአስኮ የደወሉ አንድ አያት ባነሱት ጥያቄ ምክንያት ነው። የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። እናቷ ዱባይ ሠራተኛ ናት፤ ለልደቷ ዓሣ ቃል ገብታላት ገንዘቡንም ልካለች። ልጅቱ ዓሣዎቹን በስልክ ለእናቷ እያሳየች ልታወራ ቀን እየቆጠረች ነው። አያት አንድ ሜትሩን አኳሪየም መርጠዋል። ማስቀመጫም አላቸው፦ ሟች ባለቤታቸው ከሠላሳ ዓመት በፊት ያሠሯት የዋንዛ ቡፌ። «ዋንዛ ነው፤ አሁን እንደሚሠራው አይደለም፤ ይችላል አይደል?» አሉኝ።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ለብዙ ዓመት የእንጨት ሥራ አስተምሬአለሁ፤ ዋንዛ ሲባል ልቤ ይሞቃል። ሲላግ ደስ ይላል፣ ቶሎ አይጣመምም፣ ቀለሙም ዕድሜ ሲጨምር ያምራል። ሆኖም ለሳቸውም ያልኳቸው ይህንኑ ነው፤ ጥያቄው እንጨቱ ምንድን ነው የሚለው ብቻ አይደለም። ሸክሙ በየት በኩል አድርጎ መሬት ይደርሳል? እሱ ነው ጥያቄው።

ቡፌውን በስልክ አስገለጽኳቸው። ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ግራና ቀኝ በር፣ መሀል ላይ ሦስት መሳቢያ አለው። አራት እግር፣ ሁሉም ማዕዘን ላይ። እዚህ ላይ ነገሩ ተገለጠልኝ። መሳቢያዎቹን ከግራና ከቀኝ የያዟቸው ሁለት ቋሚ ግድግዳዎች አሉ፤ ላይኛው ጣውላ ላይ የሚያርፈውን ክብደት ተቀብለው ወደ ታች ያወርዱታል። ታች ሲደርሱ ግን የሚቀበላቸው እግር የለም፤ ያረፉት በአየር ላይ በተዘረጋው የሥረኛው ጣውላ ላይ ነው። ያ ጣውላ የተሠራው ሰሃንና ብርጭቆ እንዲሸከም ነው። በሁለት ኩንታል ተኩል ሲጎብጥ መጀመሪያ መሳቢያው ይጠብቃል፣ ቀጥሎ በሮቹ አልገጥም ይላሉ። ላይ ያለው መስታወት ግን አይጎብጥም። መስታወት መጉበጥ አያውቅም፤ ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ ማዕዘኑን ያያያዘው ሲሊኮን ይላቀቃል።

እናንተም ቤት ያለውን በዚሁ ዓይን እዩት። በሮቹን ከፍታችሁ ተንበርክካችሁ ከሥር ተመልከቱ፤ በየ40 እና 50 ሳንቲ ሜትሩ ቋሚ ግድግዳ አለው? እያንዳንዱ ግድግዳ እስከ ወለል ይወርዳል ወይስ በአየር ላይ ይቀራል? ቀጥሎ ከዳር እስከ ዳር ላዩ ላይ ክር ወጥሩ። አሁኑኑ፣ ምንም ሳይጫንበት፣ በክሩና በጣውላው መካከል ብርሃን ከታየ ያ ዕቃ የድሮ ሸክሙን ገና አልረሳም፤ አዲስ አትጫኑበት። ጀርባውንም እዩ። ስስ ኮምፔንሳቶ በጥቃቅን ምስማር የተመታበት ከሆነ ወደ ጎን የሚያላጋውን ነገር የሚይዘው የለም ማለት ነው። በዳሌያችሁ ከጎኑ ገፋ አድርጉት፤ ግድግዳ ተደግፎ ሳይሆን ወደ ፊት ሳብ አድርጋችሁ። ከተወዛወዘ ባዶውን የሚወዛወዝ ዕቃ ሲጫንበት ይረጋል ብላችሁ ራሳችሁን አታጽናኑ። ሸክሙ በሙሉ ወደ ተዘነበለበት ጎን ነው የሚሄደው።

ስለ ዘመናዊው የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ብዙ አልልም። የ43 ኢንች ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ከ10 ኪሎ ብዙም አይርቅም፤ ዕቃው የተሰላው ለዚያ ነው። አብዛኛው ከችፑድ ወይም ከኤምዲኤፍ የተሠራ፣ ላዩ የእንጨት መልክ ያለው ወረቀት የተለበጠበት ነው። ችፑድ ማለት የእንጨት ፍርፋሪና ኮላ ተጨፍልቆ ነው፤ ውሃ በጠርዙ በኩል አንዴ ከገባ ያብጣል፣ ሲደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። አኳሪየም ያለበት ቤት ደግሞ ጠብታ አይቀርም። ውሃ ሲቀየር ይፈሳል፣ ልጅ እጁን ነክሮ ሲያወጣ ይንጠባጠባል። ብሎኑ የተያዘው በዚያ ፍርፋሪ ውስጥ ስለሆነ ፍርፋሪው ሲያብጥ ብሎኑ ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ይቀራል። ከላይ ሲታይ ዕቃው አሁንም አዲስ ይመስላል፤ ክፋቱም ይኸው ነው። መስታወት ጠረጴዛ ላይ ስለማስቀመጥ የጠየቁኝም አሉ። አይሆንም፤ ሌላ መልስ የለውም።

ከተዘጋጀ ዕቃ ይልቅ እኔ የምመርጠው ሠፈራችሁ ያለውን በያጅ ነው። በር የሚሠራ፣ የመስኮት ብረት የሚበይድ ማንኛውም ደህና ባለሙያ ይህን ይሠራል፤ እናንተ ግን ልኩን ይዛችሁ ሂዱ። ለአንድ ሜትሩ አኳሪየም 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። በያጁ «ስሱም ይበቃል» ይላችኋል፤ አይበቃም፤ ስስ ቱቦላሬ ብየዳው ላይ ይቃጠላል፣ ዝገት ሲጀምረውም ቶሎ ይበሳል። ከላይ አራት ማዕዘን ክፈፍ፣ በመሀሉ ሁለት አግዳሚ ይኑረው። ከታችም ከወለሉ አንድ ጣት ከፍ ብሎ እግሮቹን የሚያያይዝ ሌላ ክፈፍ ይግባ። በሁለቱ ጎንና በጀርባ በኩል ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሄድ ሰያፍ ብረት አስበይዱ። ባለሙያው «ያስቀይመዋል» ቢላችሁ ከግድግዳው በኩል ነው፤ ማን ያየዋል? ወደ ጎን እንዳይንገዳገድ የሚያደርገው ያ ሰያፍ ነው እንጂ የእግሩ ውፍረት አይደለም።

ከእያንዳንዱ እግር ሥር መዳፍ የሚያህል ላሜራ ይበየድ። ወለላችሁ ሴራሚክ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው፤ ሁለት ኩንታል ተኩል በአራት ቀጭን እግር ላይ ሲያርፍ ሴራሚኩን ይሰነጥቀዋል። ብረቱ ሁለት ጊዜ አንቲረስት ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ቀለም ይቀባ፤ ብየዳው የተሠራበት ቦታ በተለይ። ከላይ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይቀመጥበት፤ ጠርዙ ሁሉ በቫርኒሽ የተዘጋ።

ቁመቱስ? በእኔ ልማድ የማስቀመጫው ቁመት ከስፋቱ ሁለት እጥፍ እንዲበልጥ አልፈቅድም። ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ቁመቱ ከ80 አይለፍ፤ 70 ወይም 75 ቢሆን ተቀምጦ ለሚያይ አያትም፣ ቆሞ ለሚያይ ሕፃንም ይስማማል። ደግሞ ባልዲ ይዞ ውሃ የሚቀይረው ማን እንደሆነ አስቡ። ልጆች ዓሣ ይወዳሉ፤ ባልዲ የሚያነሳው ግን ወገቡን የሚያመው ሰው ነው። አሥር ሊትር ባልዲ እስከ ደረት ማንሳትና እስከ ወገብ ማንሳት ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ወርቅማ ዓሣ ለመግዛት ያሰባችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሲገዛ ጣት የምታህለው ዓሣ በደንብ ከተያዘች ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ልታድግ ትችላለች። በትንሽ መስታወት የጀመረ ቤት በዓመቱ ትልቁን መፈለጉ አይቀርም። ማስቀመጫውን ገና ከመጀመሪያው ለሚመጣው ልክ አሠሩት።

ወደ ወለሉ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት እናት «ታች ያለው ጎረቤት ራስ ላይ ብንወድቅስ?» ብላኛለች። መሐንዲሶች ለመኖሪያ ክፍል ወለል በአንድ ካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ተዘርግቶ የሚያርፍ ጭነት በስሌታቸው ይይዛሉ። ይህ ሳሎኑ ሙሉ በሙሉ ያን ያህል እንደተጫነ ተቆጥሮ ነው። አንድ ሜትሩ አኳሪየም ግድግዳ ጥግ ይዞ፣ አጠገቡ ሌላ ከባድ ዕቃ ሳይደረደር፣ በደህና የተሠራ የኮንክሪት ወለል ላይ ቢያርፍ እንቅልፍ የሚያሳጣ ነገር አይደለም። በክፍሉ መሀል ሳይሆን በግድግዳ ጥግ ይሁን፤ ወለል ከሁሉም በላይ የሚረግበው መሀሉ ላይ ነው። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ የሆነ ትልቅ አኳሪየም ያማራችሁ ግን ሕንፃውን የሚያውቅ መሐንዲስ ሳታማክሩ አትግዙ። ወለሉ የጣውላ የሆነ የድሮ ቤት ውስጥ የምትኖሩም እንዲሁ፤ እዚያ ከጣውላው ሥር ያሉት አግዳሚዎች በየት በኩል እንደሚሄዱና ምስጥ እንዳልነካቸው ሳይታወቅ ትንሹንም ቢሆን አላስቀምጥም።

አሁን ደግሞ ስለ ልጆቹ። ሕፃን ልጅ አንድ የሚያምር ነገር ከፍ ብሎ ሲያይ መሳቢያ ስቦ እንደ ደረጃ ይረግጠዋል። ከፊት የተሳበ መሳቢያ፣ ላዩ ላይ የቆመ ልጅ፣ ከላይ የሚወዛወዝ ውሃ፤ ሦስቱ ሲገናኙ ዕቃው ወደ ፊት ይመጣል። ቡፌን ለዚህ ሥራ የማልወድበት ዋናው ምክንያት ከጉብጠቱም በላይ ይህ ነው። የብረቱ ማስቀመጫ የሚረገጥ ነገር የለውም፤ እሱም ቢሆን ከጀርባው በሁለት ቦታ ከግድግዳ ጋር በአንጎላሬና በብሎን ይታሰር። ግድግዳችሁ ብሎኬት ከሆነ በትራፓኖ ስትበሱት ባዶው ውስጥ ገብቶ ፊሸሩ ሊሽከረከር ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ጥቂት ዝቅ ወይም ከፍ አድርጋችሁ ድፍኑን ቦታ ፈልጉ። ሶፋውን ከአጠገቡ አርቁ። ክዳን ይኑረው፤ ሕፃን ልጅ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥም ሊሰጥም እንደሚችል ለአያቶች መንገር አያስፈልገኝም።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከአፋር በኩል፣ ከፈንታሌና ከአዋሽ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ፎቅ ላይ ያለን ሰዎች መብራቱ ከጣሪያው ሲወዛወዝ አይተናል። ከዚያ በፊት «ከግድግዳ እሰሩት» ስል የሚስቁብኝ ነበሩ። ውሃ ደግሞ እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሲወዘወዝ ከወዲያ ወዲህ እየሄደ ራሱ ይገፋል።

መብራቱንም አደራ። ዲቫይደሩ ከአኳሪየሙ ሥር ወለሉ ላይ አይቀመጥ። የማጣሪያው ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተመልሶ ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ እታችኛው እጥፋት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ለአስኮው አያት የሰጠኋቸው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ቡፌዋን ማዳን ይቻላል፤ አንድ አናጺ በሁለቱ ግድግዳዎች ሥር ሁለት እግር ቢጨምርባት ሸክሙ መሬት ይደርሳል። ያም ሆኖ አላደርገውም። ውሃ የሚንጠባጠብበት የሠላሳ ዓመት ቫርኒሽ ነጭ ክብ እያወጣ ይበላሻል፤ መሳቢያዎቹም ለልጅቱ ደረጃ ይሆናሉ። ባለቤትዎ ያሠሯት ቡፌ ብርጭቆዋን እንደያዘች ትቀመጥ፤ ልጅቷ ስታድግ የእሷ ትሆናለች። ለዓሣው የብረት ማስቀመጫ ያሠሩ አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ልደቷ ግን በሁለት ሳምንት ነው» አሉኝ። ለበያጅ ሁለት ሳምንት ብዙ ነው።

ማስቀመጫው ቤት ሲገባ ቅድሚያ የሚያስፈልገው ውሃ ልክ ነው። በርዝመቱም፣ በስፋቱም፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘንም አስቀምጣችሁ አረፋዋ መሀል መሆኗን እዩ። ካዘነበለ ማስተካከያውን ከእግሩ ሥር አድርጉ እንጂ ከመስታወቱ ሥር ካርቶን አትወትፉ፤ መስታወቱ አንድ ማዕዘኑ ብቻ ተደግፎ ከተሞላ ለመሰንጠቅ ግብዣ ነው። ሥሩ ድፍን መስታወት የሆነ አኳሪየም ከሆነ ከኮምፔንሳቶው በላይ ስስ ፎም አንጥፉለት፤ ቴሌቪዥን ሲገዛ ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣው ነጩ ፎም ጠፍጣፋ ከሆነ ይሠራል። ከሥሩ የፕላስቲክ ክፈፍ ያለው ዓይነት ግን ፎም አይፈልግም፤ እሱ የሚያርፈው በክፈፉ ላይ ነው።

ከዚያ ሙሉት፤ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ሲሶውን ሞልታችሁ ማታውን እደሩ። ጠዋት ውሃ ልኩን መልሳችሁ አስቀምጡ፣ ፎሙ እኩል መጨፍለቁን ዙሪያውን እዩ፣ ከሥር በደረቅ ወረቀት ዳብሱ። ሁለተኛውን ሲሶ ጨምሩና አንድ ቀን ጠብቁ። ቀሪውን ሙሉት። ዓሣ ሳይገባበት ማጣሪያው እየሠራ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ ውሃውን ለዓሣ የሚያስማሙ ጥቃቅን ሕዋሳት እስኪራቡ ከዚያም በላይ ሳምንታት ቢቆይ ለዓሣዎቹ ይበጃቸዋል። ለልደቱ ቀን ውሃው፣ ጠጠሩና ተክሉ ይደርሳሉ፤ ዓሣዎቹ ትንሽ ቆይተው ቢመጡ እናትየዋም ሁለት ጊዜ ትደውላለች።

በዚያ ሳምንት ለልጅቱም ሥራ አለ። መስታወቱ ላይ፣ ግራና ቀኝ ጫፍ፣ የውሃው ልክ የደረሰበት ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉላትና በእርሳስ ትስመርበት። በየጠዋቱ ሁለቱን ምልክቶች ታንብብ። ሁለቱም እኩል ዝቅ ካሉ ውሃው እየተነነ ነው፤ አንድ ሊትር ትጨምርበታለች። አንደኛው ዝቅ ብሎ ሌላው ከፍ ካለ ማስቀመጫው አዘንብሏልና ለአያቷ ትንገር።